ነጠላውን የሳበችው እጄ

ሰኞ

አልገባም አሉ። ልጄ እየሳለች፣ ከኋላችን ከባድ መሣሪያ እያጓራ፣ አማቴ ደጁ ላይ ዱላቸውን ተክለው "ከጠይብ ቤትማ አልገባም" አሉ። ከመርሳ በእግር ከወጣን ሁለተኛ ቀናችን ነው። ያንኳኳነው ቤት ሁሉ "ሞልቷል" ብሎናል። የከፈተችልን ሸክላ ሠሪዋ የሺ ብቻ ናት። በመጨረሻ አማቴን ያስገባቸው ብርዱ እንጂ የእኔ ልመና አይደለም። በሩ ሥር፣ ጀርባቸውን ለየሺ ሰጥተው ተኙ።

ማክሰኞ

የያዝነው፦ ትንሽ በሶ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ የልጄ ቅያሪ፣ የአማቴ ኩራት። ከሁሉም የከበደን ኩራቱ ነው።

የሺ ሹሮ ልትሠራልን ጉድ ጉድ ስትል አማቴ "ሆዴን ቆርጦኛል" አሉ። ሆዱን የቆረጠው ሰው በሶውን ብቻውን ጨረሰ። የሺ ወጣ ስትል ደግሞ "ልጅቷን እንዳታሳዪያት፣ በዓይኗ ትበላታለች" ብለው ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ቋጥረው አንገቷ ላይ አሰሩላት። ዞር ሲሉ ፈታሁት። ሽንኩርቱን ለየሺ ሹሮ ሰጠሁ፣ በጨርቁ ጠጠር ቋጥሬ መለስኩ። ሹሮው ጣፈጠ። ዘጠኝ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ፤ በዓይን የሚበላ ሰው የትኛው ምዕራፍ ላይ እንዳለ ይንገሩኝ።

የመንደሩ ሴቶችም መጡ። ጄሪካናቸውን ወታደር ወስዶባቸው እንስራ ፈልገው ነው። ከእጇ አይቀበሉም፣ "መሬት ላይ አድርጊው" ይሏታል። በዚያው እጅ የተሠራውን እንስራ ግን ተሸክመው ሄዱ፣ ሊጠጡበት። ደናቁርት።

ረቡዕ

ዛሬ ደንቆሮዋን አገኘኋት።

ልጄን ፀሐይ ላይ አቅፌ ተቀምጫለሁ። የሺ ጭቃ የነካ እጇን እየጠራረገች መጣች፣ ጎንበስ ብላ "ስታምር" አለች። እጄ ሄዳ ነጠላውን የልጄ ፊት ላይ ሳበችው። ሳላስበው ነው ማለት እችል ነበር። ግን አስቤዋለሁ።

የሺ አየች። ቀና ብላ "ሸፍኛት እህቴ፣ ብርድ ነው" አለችኝ። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አማቴ ከበሩ ሆነው አንገታቸውን ነቀነቁልኝ፣ ጎበዝ እንደማለት። እሳቸው እንኳ የሚያምኑትን ነው የሚያደርጉት። እኔስ? ራሴን ተጸየፍኩ።

ሐሙስ

ልጄ እንደ እሳት ትፋጃለች። ከማዶ ቀበሌ መድኃኒት የደበቀች የጤና ባለሙያ አለች አሉ፤ የደርሶ መልስ ግማሽ ቀን መንገድ ነው፣ ወታደርም አለበት። ልጅቷን ይዤ መሄድ አልችልም። አማቴም ሕፃን ለማዘል አቅም የላቸውም።

ለየሺ ሰጠኋት፣ ፊቷን ገልጬ።

"እትዬ፣ ትናንት ብርድ አልነበረም" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች። ልጄን አዘለቻት።

አማቴ "ደሟ በራስሽ ላይ ነው" እያሉ እስከ አጥሩ ተከተሉኝ። ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ያሠቃየኝ ነበር፤ ወታደሮቹ አይደሉም። ልጄ አንድ ነገር ብትሆን የማንን ዓይን እንደምወቅስ ማሰቤ ነው።

ስመለስ ልጄ የየሺ ጀርባ ላይ ተኝታለች። የሺ አጎንብሳ ጭቃ ታቦካለች። ያገኘሁትን ሽሮፕ ለልጄ ሰጠኋት። ትኩሳቱ ግን እንዳለ ነው።

ዓርብ

ወረደ። ጡቴን ጠባች፣ ጆሮዬንም ጎተተች።

አማቴ "አላልኩሽም? ነጭ ሽንኩርቱ ነው" ብለው የጠጠሯን ቋጠሮ ሳሙ። ለየሺ በጆሮዋ ነገርኳት፤ እስኪያስነጥሳት ሳቀች። አማቴ ምን እንዳሳቃት ጠየቋት። በአምስት ቀን ውስጥ ሲያናግሯት ይህ የመጀመሪያው ነው።

አሁን የሺ ልጄን ጉልበቷ ላይ አቁማ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ነው። ልጄ ትስቃለች። እኔ አጠገባቸው ነኝ። በቀኝ እጄ እጽፋለሁ፣ ግራዋን ከጭኔ ሥር አድርጌ ተቀምጬባታለሁ። ነጠላውን የሳበችው እሷ ናት፣ ገና አላመንኳትም።