ለአባያ ለተዳረችው ልጅ በሙዚቃ ያለቀሱላት መምህር ማቴዎስ ዶይሳ

መምህር ማቴዎስ ከአባታቸው ከሸማኔው ከአቶ ዶይሳ ዳና እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሻሺቱ በ1951 ዓ.ም. አባያ ሐይቅን ቁልቁል በምታየው በኦቾሎ ተወለዱ። ወሩን እናታችን በየጊዜው ይቀያይሩት ስለነበር ትተነዋል።

አንደኛ ደረጃን በኦቾሎ፣ ሁለተኛ ደረጃን በአርባ ምንጭ አጠናቀው አዲስ አበባ ሙዚቃ ተማሩ። በ1976 ዓ.ም. ለሥልጠና ወደ ሶቪየት ኅብረት ተልከው ባሌት የሚባል፣ ታሪክን ያለ ቃል በሙዚቃና በውዝዋዜ የሚናገር ነገር አዩ። ቤተሰቡን ያንገበገበው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። ተመልሰው በአርባ ምንጭ የሙዚቃ መምህር ሆኑ፤ በ1980 ዓ.ም. ከወይዘሮ አገኘሽ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሚካኤልንና ቤተልሔምን አፈሩ።

በ1995 ዓ.ም. ሴቻ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው ለባሌት የሚሆን ሙዚቃ መጻፍ ጀመሩ። ከተረት ሁሉ መርጠው ያነሡት በልጅነታችን ያስፈራን የነበረውን ነው። በድርቅ ዘመን አንድ አባት ዝናብ እንዲመጣ ብሎ ልጁን ለሐይቁ ይድራታል። ልጅቷ እንስራዋን አዝላ ትወርዳለች፤ ዝናቡ ይመጣል፤ እሷ አትመለስም። ደስ የሚል ተረት ጠፍቶ ነው? ስድስት ዓመት ሙሉ ሳሎኑ በኖታ ወረቀት ተሞልቶ እንግዳ መቀመጫ አጣ። ወይዘሮ አገኘሽ ግን አንዲት ወረቀት አልጣሉም።

በ2001 ዓ.ም. ተማሪዎች ሠልጥነው፣ አዳራሽ ተፈቅዶ ሳለ ከኦቾሎ ሽማግሌዎች መጡ። ለካ መምህር የመጨረሻውን ክፍል የሠሩት አስከሬን ለቅሶ ሜዳ ሲወጣ ብቻ በሚዜመው ዜማ ነው! ሰው ሳይሞት ካዜሙት ሞት ይጠራል ይባላል። የኦቾሎ ልጅ ይህን ያጣዋል? አቶ ካሱ በሽማግሌዎቹ ስም፣ «ማቴዎስ፣ ሌላውን ሁሉ ተጫወት፤ ይህን ተው» አሏቸው። እሳቸውም፣ «ልጅቷ እኮ ሞታለች። እስከ ዛሬ ማን አለቀሰላት?» ብለው መለሱ።

ከሁለት ሰዓት ሙዚቃ ውስጥ ነገሩ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነበር። ቢያወጡት ምን ነበረበት? ለመንናቸው፤ ተቆጣናቸው፤ የዚህ ታሪክ ጸሐፊ ታናሽ እህታቸው ልክነሽም ሁለት ፋሲካ ሙሉ አኩርፋቸዋለች። እሳቸው ግን ሳይለቀስላት ከሚታይ ባይታይ ይሻላል ብለው ድርቅ አሉ። አዳራሹ ለሌላ ተሰጠ፤ ተማሪዎቹ አድገው ተበተኑ። ሙዚቃው ዘጠኝ ዓመት አልተሰማም።

በ2009 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ያዛቸው። ሐኪም ዕረፉ ሲላቸው የከበሮውን ክፍል ያርሙ ነበር። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 14 ቀን 2010 ዓ.ም. በ59 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ተናዳ የማታውቀውን ያህል የተናደደችባቸውን፣ የምትወዳቸውንም እህታቸውን ትተው ሄደዋል።

ትናንት አቶ ካሱ መጥተው፣ አስከሬን ስላለ ዜማው ተፈቅዷል አሉን። ስለዚህ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳችን በፊት የቀድሞ ተማሪዎቻቸው እዚሁ ለቅሶ ሜዳ ላይ አሥራ ሁለቱን ደቂቃ ይጫወታሉ። እግዚአብሔር የወንድማችንን ነፍስ በደጋጎች ማረፊያ ይቀበልልን። እናንተም ለቀስተኞች፣ ከእንባችሁ ለዚያች ልጅ ከፍላችሁ አልቅሱላት፤ ሌላ የጠየቁት ነገር የለም።