ማሽኑ የነገረው መርዶ

«ከዛሬ ጀምሮ ማሽንህ እህት ይሁንህ» ነው ያልሽኝ? እሺ። ብለሽም ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጠረቀምሽው። ከዚያ ወዲህ ብደውል አታነሺ፣ ቴሌግራም ብልክ አይተሽ ዝም። አይሹ፣ እኔ እኮ ጠላትሽ አይደለሁም። እዚህ ካልጋሪ ላይ ይሄን ሁሉ ሰው ፊት ለፊት የምጋፈጠው እኔ ነኝ፣ አንቺ ደሴ ቁጭ ብለሽ ነው የምታኮርፊው።

ለማንኛውም እማዬ ብትሰማ «ሰላም ሳትል ጭቅጭቅ ጀመርክ» እንዳትለኝ፣ ሰላም አለይኩም እታለም። እንዴት ከረምሽ? ወገብሽ ተሻለሽ? የታዘዘልሽን ኪኒን ጨረስሽው ወይስ እንደ ልማድሽ ግማሹን ለጎረቤት አደልሽው? የአባዬ ስኳር ወረደ? ዳቦ ሻይ ውስጥ መንከሩን ትቷል ወይስ ተደብቆ ነው? እማዬስ እግሯ? እኛ ሰፈር፣ ቧንቧ ውሃ፣ ብርዱ ገብቷል አሉ፤ ማታ ማታ በረንዳ ላይ እንዳትቀመጡ። እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ የሰው ጺም ላይ በረዶ ይሠራል፣ እኔ ግን ጃኬቴን ሳልዘጋ ነው ሥራ የምገባው። ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው የመጋዘን ሰፈር ፎርክሊፍት፣ ያን የዕቃ ማንሻ መኪና፣ እንደ ሳልህ የሚነዳ ካለ ይምጣ።

ይሄን ደብዳቤ ራሴ ነኝ የጻፍኩት፣ ማሽኑ አይደለም። ስህተቱን ስታዪ ታውቂዋለሽ። የምልከው በአይመን ቴሌግራም ነው፤ ልጅሽ ስልኩን አፍንጫሽ ስር ይያዝልሽና ሳትወጂ አንብቢው። ዛሬ መልስሽን የምፈልግበት ጉዳይ አለ፣ የሰው ጉዳይ ነው።

ስሚ። ነገሩ የተበላሸው ኤአይ የሚሉትን ማሽን ስላስገባሁ ነው የምትይውን ተይው። ጋዜጣችንን ደጃፍን ኮርነርስቶን ሰፈር ከተከራየሁት ምድር ቤት ሆኜ ዌብሳይት ብዬ ስከፍተው ማን ያምነኝ ነበር? ስምንተኛ ክፍልን ሁለቴ የወደቀ ልጅ ጋዜጣ ያወጣል ሲባል ያልሳቀ የለም። ዛሬ የወሎ ልጅ ካልጋሪም ይኑር ኤድመንተን፣ ሰርግ ሲኖረው ደጃፍ ላይ ነው የሚያወጣው፣ ቤት ሲያከራይ ደጃፍ ላይ፣ ሰው ሲሞትበት ደጃፍ ላይ። አንቺ እዚያ ጽሑፉን ትቀበያለሽ፣ ታርሚያለሽ፣ ፖስት ታደርጊያለሽ፤ እኔ እዚህ ማስታወቂያ አመጣለሁ። ጥሩ ነበር። ግን እታለም፣ ቀርፋፋ ነሽ፣ አልዋሽሽም። የአንድ ሰርግ ዜና ሙሽራዋ ልትወልድ ስትል ነበር የሚወጣው። ሰው ሁሉ ፌስቡክ ላይ አይቶት ከጨረሰ በኋላ ደጃፍ ላይ ሲያየው ይስቅብኝ ነበር።

ስለዚህ መስከረም ላይ ኤአዩን አስገባሁት። ማንም አላሳየኝም፣ ዩቲዩብ እያየሁ ብቻዬን። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱት የሥራ ጓደኞቼ እነሩቤን «እንዴት አድርገህ ነው?» እያሉ ሺፍት ስጨርስ ፓርኪንግ ላይ ይጠብቁኛል። በቴሌግራም የመጣውን ያነባል፣ ፊደሉን ያርማል፣ ርዕስ ይሰጣል፣ ፎቶውን አስተካክሎ ፖስት ያደርጋል፣ ከዚያ ዜናው ለሚመለከተው ሰው ስልኩ ላይ ይልክለታል። እዚህ ለተወለዱት ልጆች ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ይገለብጥላቸዋል። ናሆሚ የምትባል ተማሪ አያቷ በድምጽ የላኩልንን የድሮ ታሪክ በእንግሊዝኛ አንብባ «አያቴ ምን እንደሚሉ ዛሬ ገባኝ» ብላ ደውላ አለቀሰችብኝ። ይሄንንም የሠራው ያው ማሽን ነው። እሱን ለምን አታወሪም?

ስህተት የለውም አላልኩም። ጋሽ ወልዴን ታውቂያቸው የለ፣ እዚህ የእድሩን ሰብሳቢ። ደጃፍን ከነነጥቡ ነው የሚያነቡት። የሆነ ቦታ ስም ተሳስቶ አይተው እርማት ሲልኩ ማሽኑ «ሃይ ወልዴ፣ ስለ አስተያየትህ እናመሰግናለን፣ ሌላ ምን ልርዳህ?» ብሎ መለሰላቸው። ደወሉልኝ። «ስማ አንተ፣ ይሄ ልጅ ማነው? አብሮኝ አፈር የፈጨ ነው?» አሉ። ማሽን ነው ብላቸው «አሳዳጊ የለውም?» አሉኝ። እኔም ሰውን ሁሉ አንቱ በል ብዬ አዘዝኩት፤ በማግስቱ ለአንድ ሕጻን ልደት «እንኳን ተወለዱ» ብሎ ጻፈ። በዚህ ሰው ስቆ ነው ያለፈው፣ እኔም ስቄአለሁ።

ለቅሶው ላይ ነው የተያዝኩት። አንቺ «አስጠንቅቄህ ነበር» ትያለሽ። አዎ፣ «ለቅሶውን ለኔ ተወው» ብለሻል። ለምን ስልሽ ደግሞ «ዝም ብለህ ተወው» አልሽ። እሱ መልስ ነው? እኛ ቤት ሁሉ ነገር «ይታወቃል» ነው። ማሽን ይታወቃል የሚባል ነገር አይገባውም፣ ካልጻፍሽለት አያውቅም። እኔስ ብሆን? በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው ከአገር የወጣሁት፤ ሽማግሌ መርዶ ለመንገር ሲሄድ ማን አስከትሎኝ ያውቃል?

እዚህ ያሉት የእትዬ ደመቀች እናት ሐይቅ ከተማ ሲያርፉ የወንድማቸው ልጅ እንደ ወትሮው ዜናውን ከነፎቶው ለደጃፍ ላከ። እሱ የመሰለው አንቺ እንደምትይዢው ነው። ለካ አሠራራችሁ እንደዚያ ነበር፤ ዜናው ሲመጣ ታስቀምጪዋለሽ፣ ለጋሽ ወልዴ ትደውያለሽ፣ እሳቸው ዘመድና ጎረቤት ይሰበስባሉ፣ ሐዘንተኛው ሥራ የማይገባበትን ቀን ይመርጣሉ፣ መኪናቸውን እንዳይታወቅ ሌላ መንገድ ላይ ፓርክ አድርገው ጎህ ሲቀድ በር ያንኳኳሉ። ደጃፍ ላይ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይሄን ሁሉ እኔ የሰማሁት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው፣ ወላሂ። ቀርፋፋ ስልሽ ሰው እስኪሰበሰብ እየጠበቅሽ እንደሆነ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?

ማሽኑ ወዲያው ፖስት አደረገው። ያማረ ርዕስም ሰጠው። ያ ብቻ ቢሆን ደህና ነበር። ጽሑፉ ውስጥ «ልጃቸው ደመቀች፣ ካልጋሪ» የሚል አገኘ፤ እትዬ ደመቀች ደግሞ ደጃፍ ላይ የተመዘገቡ ናቸው። «ይህ ዜና ሊስብዎት ይችላል» ብሎ ስልካቸው ላይ ላከላቸው። በአንቱ ነው ደግሞ የላከው፣ እኔው እንዳዘዝኩት።

የሚሠሩት አሮጊትና ሽማግሌ በሚጦርበት ቤት ነው። ለአንዲት ነጭ አሮጊት ሾርባ እያጎረሱ ነበር፣ ስልኩ ኪሳቸው ውስጥ ጮኸ፣ አዩት። ሳህኑን እንኳን አልጣሉትም አሉ። አሮጊቷን አጉርሰው ጨረሱ፣ አፏን ጠረጉላት፣ ከዚያ ወጥተው ኮሪደሩ ላይ መሬት ተቀመጡ። እዚያ ቤት አንድ ሃበሻ የለም። አብራቸው የምትሠራ ፊሊፒኖ ምን ሆንሽ እያለች ስትለምናቸው በአማርኛ ነበር የሚመልሱላት።

ለቅሶው ቤት፣ ኮራል ስፕሪንግስ ሰፈር፣ ሄድኩ። እኔ የምደበቅ ሰው አይደለሁም። ገባሁ። ተጠጋ ያለኝ የለም፤ የንፍሮው ሳህን ከግራዬ ተነስቶ እኔን ዘሎ ወደ ቀኜ አለፈ። ጋሽ ወልዴ «የጋዜጣው ባለቤት መጣ» አሉ። እትዬ ደመቀች አጠገብ ሄጄ «እትዬ፣ ማሽኑ ነው እኮ» አልኳቸው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ፣ የተጻፈው ውሸት የለበትም። ሰው ሳይዘኝ ሰማሁት እንጂ» አሉኝ። ያን ቀን ተነስቼ ወጣሁ፣ ጫማዬን እንኳን መኪና ውስጥ ነው ያሰርኩት።

ያንቺ ስም ሐይቅ ላይ እንደጠፋም ሰምቻለሁ። «አይሹ መርዶ በስልክ ላከች» እያሉ ነው አሉ። የተቆጣሽው በዚህ እንደሆነ ይገባኛል፣ ድንጋይ አይደለሁም። ለዚህ ነው ደጃፍ ላይ «ጥፋቱ የሳልህ ነው፣ አይሹ አልነበረችበትም» ብዬ በትልቁ ያወጣሁት። ማሽኑ «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» ብሎ ሊያሳምርልኝ ሲል ከለከልኩት። አንብበሽዋል? ካላነበብሽ አይመን ያሳይሽ።

ማሽኑንም አስተካክዬዋለሁ። የሞት ነገር ካየ ፖስት አያደርግም፣ ቆሞ «ቤተሰቡ ተነግሮታል?» ብሎ ይጠይቀኛል። በደንብ ነው የሠራሁት፣ እነሩቤን አሁንም ያደንቁታል። ግን እኔ በምን አውቄ ልመልስለት? ዜናውን ወደ ላኩት ሰዎች ስደውል «አይሹ የለችም?» ይሉኛል። የለችም ስል «እሺ፣ ስትመጣ» ብለው ይዘጋሉ። ጋዜጣው የኔ ነው፣ ዌብሳይቱ የኔ ነው፣ ሰው ግን እኔን አያናግረኝም። አንቺ አንድ ተራ ስልክ ይዘሽ የምታገኚውን መልስ እኔ ይሄን ሁሉ ቴክኖሎጂ ይዤ አላገኘሁትም። ያናድዳል።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ትናንት ከባቲ ዜና መጣ። ጋሽ ሸምሰዲን አርፈዋል፣ የሃናን አባት። ሃናንን ታውቂያታለሽ፣ ዌርሃውስ ከኔ ጋር የምትሠራዋ፣ ፎቶዋን ልኬልሽ «ይቺ ልጅ ላንተ ትበዛለች» ብለሽ የሰደብሽኝ። እሷ አልሰማችም። ዛሬ ምሳ ሰዓት አጠገቤ ተቀምጣ ለአባቷ ልትልክ የገዛችውን ሹራብ በስልኳ አሳየችኝ። «ቀለሙ ለትልቅ ሰው ይሆናል?» አለችኝ። ይሆናል አልኳት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስንት ቀልድ እቀልድ ነበር፤ ምግቤን ጥዬ ወደ ፎርክሊፍቴ ሄድኩ። ከኋላዬ «ሳልህ ዝም አለ፣ ዛሬ በረዶ ሊጥል ነው» እያለች ትስቃለች።

ልንገራት እንዴ? እኔ ባዳ፣ ወንድ ልጅ፣ በካርቶን መሃል ቆሜ? የሚይዛትስ ማነው? እኔ ነገርኳት ማለት ማሽኑ ነገራት ማለት ነው። ኤድመንተን አጎት አላት ይባላል፣ ስሙን አላውቅም፣ እሱ ይስማ አይስማ አላውቅም። ዜናውን የላከው የባቲ ልጅ ስልኬን አያነሳም። ጋሽ ወልዴ ጋ ደወልኩ፣ «አይሹ አጣርታ ካልነገረችኝ ካንተ አፍ የሞት ወሬ አልቀበልም» አሉኝ። እኔ ዜናውን ይዤዋለሁ፣ ፌስቡክን ግን መያዝ አልችልም። አንዱ አላህ ይዘንላቸው ብሎ ፎቶ ቢለጥፍ አለቀ፤ እሷ ደግሞ እረፍት በወጣች ቁጥር ስልኳ ላይ ነው ያለችው። ነገ ቅዳሜ አብረን ሺፍት አለን።

ስለዚህ ኩርፊያሽን ለሌላ ቀን አቆዪው። ከእንግዲህ የለቅሶው ዜና ያንቺ ነው። ማሽኑ እንዳይነካው ቆልፌዋለሁ፣ ፓስወርዱን ለአይመን ልኬለታለሁ፤ አንቺ ካልከፈትሽው እኔም ፖስት ማድረግ አልችልም። ሰርጉን፣ ቤት ኪራዩን፣ ትርጉሙን ማሽኑ ይሥራ፣ እሱን አልተውም፣ እንዳትጠይቂኝ። ቀርፋፋ ያልኩሽንም አልመልሰውም። ሰርጉ ላይ ቀርፋፋ ነሽ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ ዱዓዋን እንዳታቋርጥ በያት። አባዬን ሰላም በይልኝ፣ ዳቦ መንከሩን ደርሼበታለሁ በይው። ታናሻችን ፊርደውስ ፈተናዋን ካለፈች ጫማ እልክላታለሁ፣ ከወደቀች ግን «ወንድሜም ወድቆ ነበር» ብላ በእኔ እንዳታሳብብ። አይመን ይሄን ስላነበበልሽ ጎበዝ በይው። እትዬ አበበችን፣ ከግድግዳው ማዶ ያሉትን ሁሉ፣ ሰላም በይልኝ።

አሁን ስልክሽን አንሺና ባቲ ደውዪ። ለሃናን ማን እንደሚነግራት፣ መቼ እንደሚነግራት አጣሪና ለጋሽ ወልዴ ንገሪያቸው። ለኔ ሰላምታም ሐተታም አልፈልግም፤ «ይዘዋታል» ወይ «ገና ነው» ብለሽ ብቻ ጻፊ። ነገ ሥራ ሳልገባ መልሺልኝ።

ወንድምሽ ሳልህ
ካልጋሪ፣ ኮርነርስቶን
ህዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.