ኩርት ያልፈተሸው ነዳጅ

ኔብራስካ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1991

ለልጄ ለማርላ፣

እንደ ወጉ ቢሆን መጀመሪያ ጤናሽን እጠይቅ ነበር። ግን ራሴን አውቀዋለሁ፤ ስለ አየሩና ስለ ጉልበቴ ስቀባጥር ወረቀቱ ያልቅና ዋናው ነገር እንደ ሌላው ጊዜ ይቀራል። ስለዚህ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ባልሽ ኩርት ከነአውሮፕላኑ በወደቀበት ቀን ነዳጁን አልፈተሸም። መርማሪዎቹ የጻፉት እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው።

የዚህን የአውሮፕላን ሜዳ ወግ ታውቂዋለሽ፤ እዚሁ ነው ያደግሽው። አብራሪ ከመነሳቱ በፊት ከክንፉ ሥር ጥቂት ነዳጅ በብርጭቆ ቀድቶ ውሃ እንዳልገባበት በገዛ ዓይኑ ያያል፤ የማንንም ቃል አይቀበልም። ያን ቀን ጠዋት ግን ምዕራቡ ጠቁሮ ነበር፤ ኩርትም የማጨጃውን መለዋወጫ ሊያመጣ ቸኩሏል። ብርጭቆውን ይዞ ሲያጎነብስ፣ እኔ ሞልቼለት ቱቦውን እየጠቀለልኩ፣ "ተወው፣ እኔ አይቼዋለሁ። ዝናቡ ሳይቀድምህ ሂድ" አልኩት።

"እርግጠኛ ነህ፣ ሽማግሌው?"

"ሠላሳ ዓመት የቀዳሁትን ልታስተምረኝ ነው እንዴ?"

ሳቀ። ብርጭቆውን ኪሱ ከተተና ወጣ።

አላየሁም ነበር፣ ማርላ። ያየሁት በዋዜማው ነው፤ ሌሊቱን ደግሞ ዘንቦ ነበር። የነዳጅ ማጠራቀሚያው ክዳን ጎማ ተሰንጥቆ ውሃ እንደሚያስገባ ካወቅሁ ወር አልፎኝ ነበር። ለከተማው ምክር ቤት ብናገር ሜዳውን ዘግተው ለበቆሎ አራሽ ለማከራየት ሰበብ ያገኛሉ ብዬ ዝም አልኩ። ሞተሩ ከመንደርደሪያው ጫፍ አልፎ ብዙም ሳይርቅ ጠፋ። ድምፁ ሲቋረጥ ሰምቻለሁ።

ከቀብሩ በኋላ "እንዲህ ያለ ዝርክርክ ሰው ነው ያገባሁት" ብለሽ ፎቶውን ስታወርጂ አጠገብሽ ቆሜ ነበር። ወደ ኦሪገን ስትሄጂም ሻንጣሽን ተሸክሜ ሸኘሁሽ። አሥራ አራት ወር ሙሉ ምላሴ ተሳሰረ።

ዛሬ ለመርማሪዎቹም ጽፌአለሁ። የእነሱን አስቀድሜ ፖስታ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት፤ የአንቺን ካስቀደምኩ ፈርቼ እንደምመለስ አውቃለሁ። ሜዳውን ከዘጉት ይዝጉት። የምኖርበትም ቤት የማዘጋጃ ቤቱ ነው፣ እለቃለሁ።

ለኩርት እናት ለኦፓል ግን አልጻፍኩም፤ ነገ ሄጄ ፊቷ ቆሜ ነው የምነግራት። በየእሁዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ብቻዬን መቅረቴ አሳዝኗት፣ የፖም ኬክ ይዛልኝ ትመጣለች። ባለፈው እሁድ ሳህኑን አስቀምጣ እጄን ያዘችና፣ "ዌንደል፣ ልጄ በግድየለሽነቱ ልጅህን ባል አልባ አስቀራት። ስለ እሱ ይቅር በለኝ" አለችኝ።

"ይቅር ብዬዋለሁ" አልኳት።

ኬኩንም በላሁት።

ጌታ ያጽናሽ ልጄ። የኔ ምርቃት ይያዝልሽ እንደሆን ግን እንጃ።

አባትሽ ዌንደል