ቀይ ቀለም የተቀባችው ድስት

ውድ ፓፒያ፣

ፖስትካርዱ ትንሽ ነው፣ ወሬዬ ግን ትልቅ ስለሆነ ፊደሌን አሳንሼዋለሁ።

እኛ ከተማ ውሃው በቧንቧ ይመጣል። እህቴ ሹሊ በተዳረችበት በዚህ መንደር ግን የእጅ ፓምፖቹ ቀለም ተቀብተዋል። የአረንጓዴው ውሃ ይጠጣል፤ የቀዩ አርሴኒክ የሚባል መርዝ ስላለበት አይጠጣም። አማቷ ግን «እሳት የማይገድለው ምን አለ?» እያሉ ሩዙን በቀዩ ይቀቅላሉ። ይባስ ብለው ሹሊ እርጉዝ ናትና ትጠንክር ብለው የተቀቀለበትን ውሃ ያጠጧታል!

ታውቂኛለሽ፣ ሰው ፊት አፌ አይፈታም። ትናንት የሹሊ ባል ጀልባውን ከቀባበት የተረፈውን ቀይ ቀለም አነሳሁና ድስቱን ከውጭ ዙሪያውን ቀባሁት።

«ድስቴን ማነው ሙሽራ ያደረጋት?» ብለው አማቷ ጮኹ።

«እኔ ነኝ እማማ። እንደ ፓምፑ ነው፣ አይጠጣም ለማለት ነው።»

«ውይ! ይቺ ልጅ ትናገራለች እንዴ? አፈላዋለሁ እኮ!»

«ጨው ሲፈላ ይጠፋል?»

 እማማ ዞረው በዚያው መርዝ ሳቢያ ጠጠር የመሰለ ነገር የወጣበትን የባላቸውን መዳፍ አዩ። እኔም ሩዙ ራሱ ማሳ ላይ ያንን መርዝ ስለሚጠጣ በብዙ የአረንጓዴው ፓምፕ ውሃ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት እንደሚሻል ነገርኳቸው። ሰው ፊት፣ እስከ መጨረሻው ተናገርኩ!

ዛሬ ጠዋት እማማ እንስራቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ከሩቁ አረንጓዴ ፓምፕ ቀድተው መጡ። ሩዙን ቀቅለው ውሃውን ደጅ ደፉና፣ «አንቺ ዝምተኛ፣ በይ ድስቴን አሁን አረንጓዴ ቀቢልኝ» አሉኝ።

ቦታው አለቀ። እናትሽን ሳሚልኝ። ቀለም ፍለጋ ልሮጥ ነው!

ያንቺዋ ሞርጂና