ይማም፣ ዳልቻውን እኔ ገደልሁት

ይማምዬ፣ የኔ ዓለም፤

አፈር ካለበሱህ አምስት ወር ሞላ። አላህ ይርሃምህ። ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም፤ ደህና አይደለሁም። ትራክተርህ ሞቷል፣ የገደልሁትም እኔ ነኝ።

ከጅዳ መልስ ያን ትንሽ አሮጌ ትራክተር በጭነት መኪና አስጭነህ መካነ ሰላም ስትደርስ አገር ምድሩ አልሳቀብህም? ዐረብ አገር ጭንቅላቱን ፀሐይ መትቶት መጣ አሉህ። አንተ ግን መልኩን አይተህ እንደ በሬ ዳልቻ ብለህ ስም አወጣህለትና ሣር ታጭድበት ጀመር። የስንቱን ሣር አጨድህ! ውሃ በበርሜል አመላለስህ፣ ድንጋይ ጎተትህ፣ ምጥ የጠናባትን ሴት ሳይቀር ጤና ጣቢያ አደረስህ። የሳቁብህ ሁሉ ደጃችን ተሰለፉ። እኔ በስደት ያየሁት ይበቃል፣ የኔ ልጅ የሰው ቤት ወለል አታጥብም ትል ነበር። የገዛኸው ልጃችንን ዘህራን ከዚህ ለማስቀረት ነበር፣ አውቃለሁ።

የኛን ብርድ ታውቀዋለህ። የጥቅምት ውርጭ ሲጀምር፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ የራዲያተሩን ውሃ በባልዲ ታወጣለህ፤ ጠዋት እኔ አሙቄ እሰጥህና መልሰህ ትሞላዋለህ። ሞተር ውስጥ ያደረ ውሃ በረዶ ሆኖ ብረቱን ይሰነጥቃል ብለህ ስንቴ ነግረኸኛል! እኔም ለሰው ሻይ ሳይፈላ ለብረት ውሃ ይሞቃል እያልሁ እነጫነጭብህ ነበር። አየህ፣ ሳላውቅ አይደለም ያጠፋሁት።

በመስከረም ማለቂያ ስትለየኝ ውርጩ ገና አልገባም ነበርና ውሃው ውስጡ እንዳለ ቀረ። እኔ እንደ ሃይማኖታችን የባል ሐዘን፣ ኢዳ ተቀመጥሁ፤ አራት ወር ከአሥር ቀን ሙሉ ከግቢ አልወጣሁም። ወንድምህ ሰይድ ለሣር አጨዳው ሊያስነሣው ቢመጣ ጮህሁበት። አፈሩ ሳይደርቅ መቀመጫው ላይ ሌላ ሰው አይወጣም፣ ኢዳዬ እስኪያልቅ ማንም እጁን እንዳያሳርፍበት አልሁ። ምስኪን፣ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። እኔ ደግሞ ቡልኮህን አልብሼው በየቀኑ ከጎኑ ቆሜ አለቅስ ነበር። ከጎኑ ቆሜ! ውሃው አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላለኝም። ሱብሃነላህ፣ ምን ጋርዶኝ ነው?

ኢዳዬ ሲያልቅ ሰይድ ሊያስነሣው ውሃ ቢጨምርበት በጎኑ ተንዠቀዠቀ። ከአቀስታ የመጣው መካኒክ ሞተሩ ተሰንጥቋል፣ ብየዳም አይዘውም ብሎ መፍቻዎቹን ሰበሰበ። ጎረቤቱ ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው እያለ ያጽናናኛል። ምን ቀደር አለው፣ እኔ ከልክዬ! ሰይድ ቡልኮህን መልሶ አለበሰልኝ። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ያኔ ትራክተሩን ስከለክል ሣሩም በማጭድ እስኪደረስለት ግማሹ ሜዳ ላይ ደርቆ ቀረ። ከዚህ በኋላ ዘህራ ምን ትጠብቅ? ሳትነግረኝ ፓስፖርት አወጣች። ሐሙስ ትነሣለች፣ አንተ ልጄ አትረግጣትም ወዳልሃት ዐረብ አገር። አትሂጂ የምልበት አፍ የለኝም፤ ምን ሰጥቼ ላስቀራት? ስታሽግ እያየሁ ልብሷን አጣጥፌ አቀብላታለሁ።

አንተን አልረሳህም፣ ይማምዬ። ከዱዓዬ አትጠፋም፣ እስክከተልህ ድረስ ስምህን እያነሣሁ እኖራለሁ። ለሞተ ሰው ማልቀሱንስ ለምጄዋለሁ። ልጄን ግን በቁሟ እንዴት ብዬ ላልቅሳት?

ያንተዋ ከድጃ