ለአድነው የተገለበጡ ሦስት ካሴቶች

ናይሮቢ፣ ኅዳር 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ውድ አድነው፣

ደብዳቤህ ባለፈው ሐሙስ በነጋዴው በኑሬ እጅ ደረሰኝ። ፖስታው ላይ ያለውን ጽሑፍ ገና ሳየው የአንተ እንደሆነ አወቅሁት። መፈታትህን ከመስማቴ በፊት በሕይወት ስለመኖርህም እርግጠኛ አልነበርኩም። ኑሬን «እንዴት አገኘኸው?» ስለው፣ «ደህና ነው፤ በከዘራ ይሄዳል። ደረጃ ሲወርድ ግን ሰው ይይዘዋል» አለኝ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኩትም።

«ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ከማርሽ በቀር የሰማሁት ሙዚቃ የለም። አንተ ሸክላ ቤት ተቀጥረሃል አሉ፤ ምን እንዳመለጠኝ ንገረኝ» ብለሃል። እውነት ነው። መሃል ከተማ፣ ማታቱ የሚሏቸው ሚኒባሶች ተሳፋሪ ከሚጠሩበት መንገድ ዳር፣ የአንድ ህንዳዊ ሸክላ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ደንበኛ ሸክላ ይመርጣል፣ እኔ ወደ ካሴት እገለብጥለታለሁ። ፖሊስ መታወቂያ፣ እነሱ ኪፓንዴ የሚሉትን፣ እየጠየቀ ሲመጣ ወደ ጓዳ እገባለሁ፤ ሲሄድ ወጥቼ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። ኑሮዬ ይኸው ነው።

ሦስት ካሴት ልኬልሃለሁ። ስም አልጻፍኩባቸውም፤ ኬላ ላይ ጥያቄ እንዳያመጡ ብዬ ነው። በለጠፍኩት ወረቀት ቀለም ለያቸው።

ሰማያዊው የኮንጎዎች ጊታር ነው። እዚህ በየማታቱው ይጮኻል፤ አንተ ግን ቀንሰህ ስማው። መጀመሪያ ላይ ዘፋኙ የሰፈር ወሬ እንደሚያወራ ሰው ዘና ብሎ ይጀምራል። «ምኑ ነው ይኼ?» ትል ይሆናል። እስከ ግማሹ ታገሥ። ከዚያ ሦስቱ ጊታሮች አንዱ የሌላውን ቃል ከአፉ እየነጠቀ ይመጣሉ፣ ባስ የሚመታው ሰውዬ ብቻ አይቸኩልም። እሱን ተከተል፤ ሌላው ራሱ ይመጣልሃል።

አረንጓዴው ታራብ የሚሉት የሞምባሳ የባሕር ዳር ሰዎች ዘፈን ነው፣ ሴትዮዋ ሰርግ ቤት ስትዘፍን የተቀዳ። ከኋላ ሳህን ሲንኳኳና ልጆች ሲሮጡ ይሰማል፤ አትናደድባቸው። ቫዮሊኑ ዓረብኛ የሚያወራ ይመስላል፣ የእሷ ድምፅ ግን አንዳንዴ አምባሰል ደጃፍ ደርሶ ይመለሳል። ስዋሂሊው ለእኔም የገባኝ በሁለተኛው ዓመት ነው። አብሮት የበላውን ሰው የከዳ አንድ ሰውዬ ነው የምትወቅሰው። ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ እሱ ነው የሚያስፈራው።

ነጩን ለአንተ ብዬ ነው የመረጥኩት። የፊልም ሙዚቃ ነው። በሲኒማ ቤቱ ማሽን ክፍል ውስጥ ጀርባህን ለመጋረጃው ሰጥተህ የፊልም ጥቅል ስታዘጋጅ፣ «ጥሩ የፊልም ሙዚቃ ማለት ሳላይ ታሪኩን የሚነግረኝ ነው» ትለን ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ቀበና ቤትህ ተሰብስበን ሸክላ ስናደምጥ እኔና ዓለሙ በዚህ ስንት ተከራክረንሃል። አሁን ገብቶኛል። አንደኛው ገጽ የህንድ ፊልም ነው፤ ሰላሳ ቫዮሊን አንድ ላይ ያለቅሳል፤ ከበዛብህ እለፈው። ሁለተኛውን ገጽ ግን እንዳታልፍ። ስለ አንድ የባቡር ሐዲድ ጠባቂ የተሠራ የፈረንጅ ፊልም ነው። ያለው መሣሪያ አንድ ቼሎ፣ ያ ድምፁ ወፍራም የሆነው ትልቁ ቫዮሊን፣ ብቻ ነው። ፊልሙን አላየሁትም፤ ሰውዬው የሚጠብቀው ሰው እንደማይመጣ ግን በአራተኛው ዜማ ላይ አወቅሁ።

አድነው፣ ይህን ሁሉ ያስረዘምኩት ስለጠየቅኸኝ ብቻ አይደለም። ከዚህ በታች ያለውን ለመጻፍ ስለፈራሁ ነው።

ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ እንዲህ ብለሃል፦ «ዓለሙ በተፈታሁ በሳምንቱ ብርቱካን ይዞ መጣ። ከበር መለስኩት። አስካለም ያኔ ከእስር ቤት በላክሁባት ቃል መሠረት ቀለበቱን መልሳለታለች። እኅቴን ለሸጠኝ ሰው አልድርም።»

ዓለሙ አልሸጠህም።

በሰባ ዓ.ም.፣ ሚያዝያ ላይ እኔ ስያዝ፣ ኪሴ ውስጥ ካደልከን በራሪ ወረቀት አንዷ ተገኘች። «ከየት አመጣሃት?» አሉኝ። ሁለት ቀን «መንገድ ላይ አገኘኋት» አልኩ። ወፌ ላላ ምን እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም፤ ታውቀዋለህ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አዲስ ነገር አላደረጉብኝም። ገመዱን ከግድግዳው ላይ ሲያወርዱት ብቻ አየሁና ተናገርኩ። ስምህን፣ ሲኒማ ቤቱን፣ ወረቀቶቹ በስንተኛው የፊልም ቆርቆሮ ውስጥ እንዳሉ ሳይቀር። አራተኛው ነበር። ማንም ቁጥሩን አልጠየቀኝም፤ እኔው ጨመርኩበት።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንተን አምጥተው እኔ ያለሁበት ክፍል አስገቡህ። ገና አልነኩህም ነበር። እግሬን አየህና ሸሚዝህን አውልቀህ ቀደድከው። ለመጠጥ ከተሰጠን ውኃ እየነከርክ ውስጥ እግሬን ጠረግህልኝ። አሁንም እያንዳንዱ ቃል ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«ምን ፈለጉ?» አልከኝ።

«ስም።»

«ሰጠሃቸው?»

«አልሰጠሁም።»

«አውቄ ነበር» አልክና ሌላውን እግሬን ያዝክ። ከዚያ «ታዲያ ማነው?» ስትል ጠየቅኸኝ።

ያኔ ዝም ማለት እችል ነበር። የምናገረው ቃል ከምንም የሚያድነኝ አልነበረም፤ የሚገርፈኝም አልነበረም። እኔ ግን፣ «ዓለሙንም ይዘውት ነበር አሉ፤ በሁለት ቀኑ ለቀቁት» አልኩህ። የተለቀቀው ምንም ስላላገኙበት ነው፤ ይህን አውቅ ነበር። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። አያስፈልግም ነበር።

የአንተን ስም ያወጣሁት ተገርፌ ነው። ሰው ይፈርድልኝ ይሆናል። ዓለሙን ግን ያለ ገመድ ነው የሰጠሁህ፤ አንተ እግሬን እያጠብክልኝ።

በስምንተኛው ቀን ስፈታ «ቀበሌ ውስጥ ዘመድ አለኝ» ብዬህ ወጣሁ። ዘመድ የለኝም። የፈቱኝ ስለተናገርኩ ነው። በሳምንቱ ሞያሌ ነበርኩ።

እዚህ እሑድ እሑድ ከአማኞች ጋር የምሰበሰብበት ጸሎት ቤት አለ፤ የድምፅ ማጉያውን የምጠግነው እኔ ነኝ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ አገኘሁ ይባላሉ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ዕለት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ተንበርክከን የምንጸልይ መስሎኝ ነበር። አልጸለዩልኝም።

«ይህን ለእግዚአብሔር ስንት ጊዜ ነግረኸዋል?» አሉኝ።

«በየቀኑ።»

«ለሰውየውስ?»

«አልነገርኩትም።»

«እንግዲያው እኔ ጋ ምን ትሠራለህ?» ብለው በሩን ከፈቱልኝ።

ኑሬ ሰኞ ዕቃውን ጭኖ በሞያሌ በኩል ይሄዳል። የያዘውን አያውቅም፤ ደብዳቤውን ከካሴቶቹ ጋር ከላክሁልህ ጋቢ ጥለት ሥር ሰፍቼዋለሁ፤ «ጥለቱን ተርትሮ እንደገና ያሰፋው» በልልኝ ብቻ ነው ያልኩት። አውጥተህ አንብበህ እንደሆነ መጀመሪያ ለአስካለ አስነብባት። ከዚያ ለዓለሙ። በቃልህ እንዳትነግረው፤ በራሱ ዓይን ይየው፣ በእኔ እጅ ጽሑፍ። ከዚያ በኋላ አቃጥለው፤ ሌላ ሰው እጅ ቢገባ ዳግመኛ ያስይዝሃል።

ይቅር በለኝ ብዬ አልጽፍልህም። ያንን ብጽፍ ደብዳቤው የራሴ ጉዳይ ይሆናል። መልስም አልጠብቅም። ኑሬ ባዶ እጁን ቢመለስ አንብበኸው እንደሆነ እረዳለሁ።

አስካለ ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ሠላሳ አንድ ሞልቷታል። ኑሬ እንደነገረኝ ዓለሙ እስከ ዛሬ አላገባም፤ አሁንም ቀበና ያው ቤት ነው የሚኖረው፤ ከአንተ በር ብዙ አይርቅም። መንገዱ ግን ቁልቁለት ስለሆነ ብቻህን እንዳትወርድ፤ አስካለ ትያዝህ።

ያቆየህ አምላክ ጉልበትህን ይመልስልህ። የቀረህን ዘመን ሰው በምላሱ አይንካብህ፤ በቤትህም በደጅህም ያመንከው ይጽናልህ።

ሌላ ጊዜ እዚህ ላይ «ወንድምህ» ብዬ ነበር የምፈርመው።

ወንዳፍራሽ