ሪባን ስለሚጠብቀው የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ሰሞኑን ብርዱ ጠንከር ብሏልና፣ ከጠረጴዛዎ ሥር ያለችው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አንድም ቀን ሳትጠፋ እግርዎን እንዳሞቀች ትዝለቅልዎ ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ።

እኔ ከሆስፒታሉ ዋና በር ፊት ለፊት ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ፤ ያ ግራጫ ሱሪዎ ወገቡ ሁለት ጊዜ የሰፋው በእኔ እጅ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ልጄን በሰባት ወሯ ወለድኳት። ከአንድ ኪሎ ስኳር እምብዛም አትበልጥም ነበር። በእርስዎ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል አርባ አንድ ቀን ማሞቂያ ውስጥ ተኝታ ወጣች፣ ዛሬ ቁልፍና ክሬን እየበታተነች ታበሳጨኛለች፣ ተመስገን ነው። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል፤ በዚያን ጊዜ ከነበሩት አራት ማሞቂያዎች ሦስቱ ተበላሽተው አንዱ ብቻ መቅረቱን ስሰማ፣ የማላውቃቸው እናቶች ልጆች ሁሉ የእኔ መስለው ታዩኝና እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ደንበኞቼ ለምሮጠው ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ለአዲስ ማሞቂያ መግዣ እንዲያዋጡ አስማምቼ ለመሮጥ ተነሳሁ። በዚህ ሂደት ውስጥ ስለተደረገልኝ ድጋፍ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ፈቃድ ልጠይቅ በመጣሁ ጊዜ፣ ካናቴራዬ ላይ የሰፋሁት «ማሞቂያ የለንም» የሚለው ጽሑፍ የተቋሙን ገጽታ ያበላሻል ብለው ስላረሙኝ አመሰግናለሁ። እንደታዘዝኩት ፈትቼ፣ እርስዎ የመረጡልኝን «ለላቀ አገልግሎት በጋራ እንሮጣለን» የሚል ሰፋሁበት። ከእኔ በቀር የሮጠ ሰው አልነበረም፤ «በጋራ» የሚለው ግን ደረቴ ላይ ከሩቅ ይነበብ ነበር።

2. ሃያ ዓመት ከስፌት መኪና ወንበር ተነስቼ የማላውቅ ሴት በመሆኔ፣ ልምምዱ ቀላል አልነበረም። የሰፈሩ ሰው ማን እያባረራት ነው ይል ነበር። ባለቤቴ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ጡሩንባ እየነፋ ተሳፋሪውን ሁሉ ያስጨበጭብልኝ ስለነበር፣ አንድ ሳምንት ሙሉ እራቱን ራሱ እንዲሠራ ፈርጄበታለሁ። በሩጫው ዕለት ደግሞ እርስዎ ተገኝተው ሃምሳ ደቂቃ ንግግር ስላደረጉልኝ፣ ፀሐዩ ከመጀመሬ በፊት ላቤን ጨርሶልኝ ቀለል ብዬ ሮጥኩ። አሥራ ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ የእግሬ አውራ ጣት ጥፍር ተነቀለ። ሃያ አንደኛው ላይ፣ በመኪናዎ ቀድመውኝ ደርሰው እጄን ወደ ላይ ሲያነሱልኝ ፎቶ ተነሳን። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈው ፎቶ እርስዎ ሙሉ ነዎት፤ ከእኔ የቀረው ክርኔ ነው። አይቼዋለሁ፣ ክርኔ አምሮበታል።

3. በተዋጣው ገንዘብ የተገዛው አዲሱ ማሞቂያ መጋዘን ከገባ እነሆ አሥራ አንድ ሳምንት ሆነው። የጤና ቢሮው የበላይ ኃላፊ በክብር እንግድነት መጥተው ሪባን ሳይቆርጡ የተጠቀለለበት ላስቲክ አይነካም በማለትዎ፣ መሣሪያው አንድም ሕፃን ሳይተኛበት እንደ አዲስ እንዲቆይ ስላደረጉልን እናመሰግናለን። የምረቃው ቀን መጀመሪያ እንግዳው መንገደኛ ስለሆኑ፣ ቀጥሎ መጋረጃው ከምንጣፉ ጋር ስላልሄደ፣ ከዚያም በመታሰቢያው እብነ በረድ ላይ ስምዎ አነስ ብሎ ስለታየ ሦስት ጊዜ ተላልፏል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ማሞቂያው ይከፈትልን ብለው ሲጽፉ ደግሞ፣ ሕፃናቱ በብርድ ልብስ በደንብ ይጠቅለሉ የሚል መልስ ከቢሮዎ ደረሳቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ጨቅላ ሲያሞቁ ለኖሩ ሴት! ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች።

እኔም አቤት ብዬ ነበር። እርስዎም በማኅተም የተደገፈ ደብዳቤ ጽፈው፣ ርክክቡ በሥነ ሥርዓቱ ላይ እስኪፈጸም ድረስ ዕቃው የሆስፒታሉ ንብረት ተደርጎ እንደማይቆጠር፣ በለጋሿ ስም በአደራ ብቻ መቀመጡን አስታወቁኝ። በወቅቱ ደሜ ፈልቶ ደብዳቤውን ከመቀሴ ሥር ወርውሬው ነበር። አሁን ግን ስላመሰገንኩበት አራተኛ ተራ ቁጥር ይገባዋል።

4. በየማለዳው የቢሮዎን ወለል የምትወለውለውን ሴት ያውቋት ይሆን? ካላወቋት፣ ባለፈው ሰኞ ባልዲዋን በርዎ ላይ ትታ የሄደችው እርሷ ናት። ወሯ ሳይገባ ምጥ ይዟት ሴት ልጅ ወለደች። አንዱ ማሞቂያ ውስጥ ከሕፃኗ በፊት የገቡ ሁለት ሕፃናት ነበሩ። ሲስተሯ ምን ያድርጉ፣ ለሦስቱ የሙቀት ተራ አወጡ፤ ሁለቱ ሲገቡ አንዱ ይወጣል፣ የወጣው ሙቅ ውሃ በተሞላ የሕክምና ጓንት ተከቦ ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል። ሕፃን ወረፋ ሲጠብቅ አየሁ፣ ክቡር ሆይ። ማክሰኞ ጠዋት ለምረቃው የታዘዝኩትን መጋረጃ ላደርስ በገባሁ ጊዜ ውጪ የመቆየት ተራው የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ ነበር፤ እግሯን ነካሁት፣ ቀዝቃዛ ነው። እናቷ ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛት፣ ሳታለቅስ፣ የግድግዳውን ሰዓት ብቻ ታያለች። እኔ ግን አለቀስኩ፤ ተናድጄም አለቀስኩ። ከዚያ ወደ ቢሮዎ ሮጥኩ። ጸሐፊዎ ስለ ምረቃው ዝግጅት ስብሰባ ላይ ነዎትና እንዳይረበሹ መታዘዟን አክብራ ነገረችኝ።

ያን ጊዜ ደብዳቤዎ ትዝ አለኝ። ይዤው ወደ መጋዘኑ ኃላፊ ሄድኩ። ያለ ወረቀት ለገዛ እናታቸው እንኳ ወንበር የማይሰጡ ጥንቁቅ ሰው ናቸው፤ መነጽራቸውን ጠርገው ሦስት ጊዜ አነበቡት፣ ማኅተምዎን በጣታቸው ዳሰሱት፣ ከዚያም ሆስፒታሉ የእኔ ነው ያላለውን ዕቃ ባለቤቷ ስትጠይቅ የምከለክልበት መመሪያ የለም ብለው ቅጹን አወጡልኝ። ፈረምኩ፣ ቆጥሬ ተረከብኩ፣ ማሞቂያዬን ወሰድኩ። የጥበቃው ሠራተኛና የጽዳት ሠራተኛዋ ባል ገፉልኝ። ላስቲኩን በመቀሴ ቀደድኩት፤ እንዲህ ደስ እያለኝ ጨርቅ ቀድጄ አላውቅም። ሲስተሯ ሶኬቱን ሰክተው ግማሽ ሰዓት አሞቁት፤ ከዚያ ልጅቷ ገባች።

ስለዚህ ማንንም እንዳይቀጡ በትሕትና አሳውቃለሁ። የሆስፒታሉ ንብረት አልተነካም። አንዲት ልብስ ሰፊ የራሷን ዕቃ ለጎረቤቶቿ አውሳለች፣ ይኸው ነው። ይህ ሁሉ የሆነው በእርስዎ ፊርማ በመሆኑም፣ የአንዲት ሕፃን ሙቀት የእርስዎ ውለታ እንደሆነ ሳልክድ፣ ሳይፈልጉት የሠሩት መልካም ሥራ ከፈለጉት ሁሉ ቀድሞ እንዲጻፍልዎ እለምናለሁ።

ሥልጣንዎንና ወንበርዎን በማክበር፣ ለስብሰባዎ ረጅም ዕድሜ በመመኘት፣ ታዛዥዎ

ከዋናው በር ፊት ለፊት ያለችው ልብስ ሰፊ

ግልባጭ፦
– ለጨቅላ ሕፃናት ክፍል
– ለመጋዘን ኃላፊው፣ ከምስጋና ጋር
– ለመንገደኛ ሁሉ፣ በሱቄ መስኮት ላይ ተለጥፏል

ማስታወሻ፦ መሣሪያው ለምረቃው ቀን ወደ መጋዘን እንዲመለስ ከፈለጉ እኔ አልከለክልም። ሕፃኗ ግን ውስጡ ናት፤ ዛሬ ጠዋት አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ሆናለች። ከነርሶቹ መካከል አውጥቶ የሚሰጥዎ ሰው ስላልተገኘ፣ እጅዎን በሳሙና ታጥበው መጥተው ራስዎ እንዲያወጧት በአክብሮት እንጠይቃለን። እናቷ በሩ ላይ ተቀምጣ ትጠብቅዎታለች።